አንድ ቁንጥር በማይሙና ስም

ማይሙና ለባሏ ለሙሰዲቅ ትታለት የሄደችው አደራ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚተነፍስ አደራ ነበር።

በወደቡ ከተማ ጋቦዴ ሠፈር ባለው አፓርታማቸው ሳሎን፣ ሌላ ሰው ቢሆን ቡፌ ወይም ሰፊ ሶፋ በሚያሳርፍበት ግድግዳ ሥር፣ ወደ ጎን ከሰው ቁመት የሚረዝም የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። በውስጡ የባሕር ውሃ አለ፤ በውሃው ውስጥ አለት፣ በአለቱ ዙሪያ ጥቂት ዓሦች፣ በአለቱ አናት ላይ ደግሞ ለዱዓ እንደ ተዘረጉ ሁለት መዳፎች የተከፈተ ሐምራዊ ኮራል። የሙሰዲቅ ዘመዶች መርጃን ይሉታል። ድንጋይ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ተክል ነው ብለው የሚከራከሩም አልጠፉም። ማይሙና ግን በሊሴ፣ በፈረንሣይኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ኬሚስትሪ ስታስተምር የኖረች ሴት ነበረችና፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳትሰለች ታርማለች። «እንስሳ ነው። ድንጋዩን የሚሠራው ራሱ ነው፤ ሥጋው ስስ ሆኖ በድንጋዩ ላይ ተዘርግቷል። አፍም አለው፤ እልፍ አፍ።»

ወደ ቤታቸው ሲገባ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስባሪ ነበር። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የፈረንሣይ መኮንን ገንዳውን ከነዕቃው ሸጦላት ሲሄድ፣ ውስጡ ከነበረው ሁሉ ያልሞተው ይኸው ስባሪ ብቻ ነበር። ማይሙናና ሙሰዲቅ ልጅ አልወለዱም። ሐረር የሚኖሩት እናቷ፣ ወይዘሮ ዓቢዳ፣ ስልክ በደወሉ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት «አደገ?» ብለው ነው፤ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልጋቸውም። «አደገ፣ እማዬ» ትላቸዋለች። «ሐምራዊ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ብቻ እንደ ጎህ ነጣ ይላል።» ሴትየዋ በዕድሜያቸው ባሕር አይተው አያውቁም። ከባሕር ያወቁት ነገር ቢኖር ልጃቸው በስልክ ያሳደገችላቸው ይህ ቀለም ነበር።

ጉበቷ የዓይኗን ነጭ ቢጫ ባደረገበት ሰሞን፣ ማይሙና በሆስፒታል አልጋ ላይ የባሏን እጅ ይዛ የተናዘዘችው ስለ ወርቋም ስለ ልብሷም አልነበረም።

«እናቴ እስክታየው አቆየው» አለችው። «ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን አድርገው። እሷ ሳታየው ግን እንዳይሞት።»

ወይዘሮ ዓቢዳ ያን ጊዜ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተው ነበርና ለልጃቸው ቀብር እንኳ አልደረሱም። እግራቸው መሬት መርገጥ እንደ ጀመረ እንደሚመጡ ግን አስነግረዋል።

ሙሰዲቅ የወደብ ሰው ነው፤ የሰው ዕቃ ከመርከብ ወደ ባቡር ሲያሻግር ዕድሜውን የፈጀ አስተላላፊ። ስለ ባሕር የሚያውቀው ከላይ ከላዩ ያለውን ነው። ማይሙና መቆም ሲያቅታት በገንዳው ፊት ወንበር አስቀምጣ፣ እሱን በእጇ ፈንታ አድርጋ አስተማረችው። ኮራሉ ቀን ቀን በብርሃን እንደሚኖር፣ በሥጋው ውስጥ ያደሩ ዓይን የማያያቸው አልጌዎች ከብርሃኑ ምግብ እንደሚያበስሉለት፣ ያ ብቻ ግን እንደማይበቃው ነገረችው። ሲመሽ ያጠምዳል። ከመግሪብ አዛን ትንሽ ቀደም ብላ ፓምፑን ታጠፋለች፤ ውሃው ይረጋል። በሐምራዊው ሥጋ ላይ፣ አተኩሮ ለማያይ ሰው አቧራ የሚመስሉ ጥቃቅን አፎች ይከፈታሉ፣ ከዐይን ሽፋሽፍት የቀጠኑ እጆች ይዘረጋሉ። በሁለት ጣቷ የቆነጠረችውን የደረቀ የሽሪምፕ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቀስ አድርጋ ትነፋላቸዋለች። አፎቹ በየጉርሻቸው ላይ እስኪከደኑ ትጠብቃለች። ከዚያ ፓምፑን ታበራለች። ራቱ ይኸው ነው።

«ለምን አትጨምሪለትም?» ብሎ ጠይቋት ነበር አንድ ቀን።

«ያልተበላ ምግብ የት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ይጠፋላ።»

«አይጠፋም። ይበሰብሳል፤ ናይትሬት ይሆናል፣ ፎስፌት ይሆናል። ባሕር ሆደ ሰፊ ነው፣ ሙሰዲቅ፤ የሰጡትን ይረሳል። ገንዳ ግን የሰጡትን ሁሉ ይዞ ይቆያል።»

ውሃውን የምትመረምርበት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ነበረቻት። ከገንዳው ጥቂት ውሃ ቀድታ መድኃኒት ስታንጠባጥብበት ቀለም ያወጣል። ፈዛዛ ሰማያዊ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ ቀለም ብልቃጥ ከጠቆረ አደጋ ነው። ጭራሹን ቀለም ካላወጣም አደጋ ነው፤ ይህን ያወቀችው በገዛ ስሕተቷ ነበር። በጀመረችበት ዓመት ውሃዋን ከማንም የጠራ አደርጋለሁ ብላ፣ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ ቀን ከሌት አሠርታ፣ ምግቡንም ነፍጋ፣ ብልቃጧ እንደ ዝናብ ውሃ እስክትጠራ ድረስ አጽድታው ነበር። ኮራሉ ገረጣ፤ ማደጉን አቆመ፤ ሥጋው አጥንቱን ያሳይ ጀመር። ማይሙና ደነገጠች፤ አረፋ ማውጫውን አዳክማ፣ ምግቡን ቁንጥር በቁንጥር መልሳ፣ ከሞት አፋፍ አወጣችው። «ንጽሕናም ይገድላል ለካ» አለች ያን ጊዜ። «በረሃብም ይሞታል፣ በጥጋብም ይሞታል። ረሃብ ግን ቀስ ይላል፤ መመለሻ ይሰጥሃል። ጥጋብ ጊዜ አይሰጥም።»

ክፉ አጋጣሚ ሆኖ፣ ኮራሉ ገርጥቶ በነበረበት በዚያ ሰሞን ነበር ኻሊዳ ለዒድ ከድሬዳዋ የመጣችው።

ኻሊዳ የሙሰዲቅ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው በልጅነቱ ስትሞት አዝላ ያሳደገችው፣ ቀፊራ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ከፍታ ያስተማረችው፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። በኻሊዳ ቤት እንግዳ የሳህኑን ወለል አያይም፤ ሊጨርስ ነው ሲባል ይጨመርበታል፣ በቃኝ ቢል ይጨመርበታል፣ ቢቆጣ እንኳ ከቁጣው በላይ ይጨመርበታል። የተረፈው ለጎረቤት፣ ከጎረቤት የተረፈው ለድመት ነው። ቤት የሚከበረው በሚተርፈው ነው ብላ ታምናለች። ማይሙና ደግሞ ለመጡት ሰዎች ልክ ታበስላለች፤ ሁሉም ጠግቦ ይነሳል፣ ድስቱም ባዶ ይሆናል። ኻሊዳ ያን ባዶ ድስት አየች፤ የገረጣውንም ኮራል አየች፤ ሁለቱን አንድ ላይ አጋመደቻቸው። በዒዱ ገበታ ዙሪያ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ፣ «የኛ ሙሽራ ሩዙን በመድኃኒት ማንኪያ ነው የምትሰፍረው» አለች። «ድንጋዩ እንኳ ከስቶባታል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙሰዲቅም ሳቀ። ማይሙና ከሳቆቹ ሁሉ የሰማችው የእሱን ነበር፤ ቀና ብላ ያየችውም እሱን ብቻ ነበር። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ሙሰዲቅ ያደገው «ዝም አይነቅዝም» በሚባልበት ቤት ነው።

ማይሙና ተቀበረች። ኻሊዳ በባቡር ደረሰች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የሐዘኑን ቤት እንደ ጦር ሠፈር አደራጀችው። ፍራሽ ተነጠፈ፤ ሳሎኑ ለሴቶች፣ በረንዳው ለወንዶች ሆነ። በደረሰችበት ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ሙሰዲቅ ፓምፑን አጥፍቶ፣ ስሪንጁን ይዞ በገንዳው ላይ አጎንብሶ አገኘችው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያበላሁት ነው፣ እትዬ።»

«በምኑ?»

በሁለት ጣቱ መካከል ያለውን አሳያት። ኻሊዳ መነጽሯን አወለቀች፤ ጠረገችው፤ መልሳ አደረገችው።

«ይህ ለትንኝ ነው ለዓሣ?»

«ለመርጃኑ ነው። ዓሦቹ ጠዋት በልተዋል።»

«እና ይሄ ራቱ ነው?»

«ልኩ ይኸው ነው፤ ማይሙና ናት ያስተማረችኝ።»

«ይርሐማት» አለች ኻሊዳ። ቃሉ ምሕረት ቢሆንም ድምፁ ብይን ነበር።

በማግስቱ ሴቶቹ ፍራሽ ሞልተው ተቀምጠው ሳለ፣ ኻሊዳ ተነሥታ የምግቡን ቆርቆሮ ከገንዳው አናት አነሣች፤ ክዳኑን ከፍታ እፍኟን ሞላች። «በማይሙና ስም» አለችና በተነችው። ዓሦቹ ተሻሙ፤ ልጆች አጨበጨቡ። ከታች ፎቅ የሚኖሩት የወደብ ጡረተኛው ሐጂ ኡበይድ ከበረንዳው አንገታቸውን አስግገው፣ «ነፍስ ያለውን ሁሉ ማብላት አጅር፣ ምንዳ አለው። አላህ ለሟቿ ያድርስላት» አሉ። ሽማግሌው የተናገሩት እውነት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነውም ነገሩ እውነት ስለነበረ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንዳውን ማብላት የቤቱ ወግ ሆነ። ሐዘንተኛ ይገባል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ፋቲሓውን ይቀራል፤ ከዚያ ወደ ገንዳው ይሄዳል። ሶማሌዎቹ ጎረቤቶች በቋንቋቸው፣ የሊሴ ባልደረቦቿ በፈረንሣይኛ፣ የድሬና የሐረር ነጋዴዎች በአማርኛና በአረብኛ፣ ሁሉም በማይሙና ስም ይበትኑላታል። ዱቄቱ ብቻ አይበቃም ብላ ኻሊዳ የዓሣ ገበያ ወርዳ የተፈጨ ሰርዲን አመጣች። ሰርዲኑ ሲያልቅ የዳቦ ፍርፋሪ ገባ። አንዲት ሴት የምትበላውን ሳምቡሳ ከፍላ ሥጋውን በጥፍሯ እየቆረሰች ስትጥል ሙሰዲቅ አይቷል። ሴትየዋ ዕንባዋ እየወረደ ነበር። ለማይሙና ከልቧ የምታለቅስን ሴት እጅ የሚይዝ ማን ነው?

እሱ ያደረገው ነገር ሁሉ በስውር ነበር። ማለዳ ሰው ሳይነሳ በላስቲክ ቱቦ ከገንዳው ወለል ላይ የረጋውን ትራፊ ይመጥጣል፤ የአረፋ ማውጫውን ኩባያ፣ ሲከፍተው የሚያስነጥስ ጥቁር ዝቃጭ ሞልቶ እያገኘ፣ ያጥባል፤ ከውሃው እየቀነሰ አዲስ ይተካል። በብልቃጧ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ግን ከቀን ወደ ቀን እየጠለቀ ሄደ። በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ ሽፋን መጣ፤ በአለቱ ላይ ጸጉር የመሰለ አልጌ በቀለ። ሐምራዊውም ቀለም ወደ ቡና ዓይነት እየከበደ ሄደ፤ ጫፎቹ ላይ የነበረው ጎህ ጠፋ፤ ማደግ ቆሟል ማለት ነው። ሙሰዲቅ የሚሆነውን ያውቅ ነበር። ያላወቀ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቢያንስ ራሱን ይቅር ባለ።

በመጨረሻ ቆርቆሮውን ደበቀ፤ ከጫማ ሳጥኖች ጀርባ፣ ቁምሳጥን ውስጥ። ኻሊዳ ምሳ ሳይደርስ አገኘችው፤ ወደ ሳሎን ይዛው ስትገባ የሰዉን ፊት ቃኝታ፣ ሁሉም እንዳየ ካረጋገጠች በኋላ ነበር የተናገረችው።

«የሐዘን ቤት ምግብ ሲደበቅ አይቼ አላውቅም» አለች። አልጮኸችም። «አይዞህ ወንድሜ። ልማዷን አስይዛህ ብትሄድ አይፈረድብህም።»

ከፍራሹ ላይ አንዲት ሴት ሳቋን በሻሿ ጫፍ ከደነች። ሌላዋ «ቁጥብነትም ጸጋ ነው» አለች፤ ጸጋ ማለቷ እንዳልሆነ ሁሉም ገባው። ሙሰዲቅ ቆርቆሮውን ከእህቱ እጅ ተቀብሎ ገንዳው አናት ላይ መለሰው።

ያን ዕለት ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲወጡ ሐጂ ኡበይድ ክንዱን ያዙት።

«ፊትህ ልክ አይደለም። ሐዘን ብቻ አይመስለኝም።»

ሙሰዲቅ ነገራቸው። ስለ ቁንጥሩ፣ ስለ ብልቃጧ፣ ስለ ማይሙና አደራ፣ ስለ አማቱ መምጣት። ሽማግሌው በምርኩዛቸው መሬቱን እየጫሩ አዳመጡት።

«በል እንግዲያው ንገራቸው። እኔም በትኛለሁ እኮ፤ ማን ነገረኝ?»

«አፍራለሁ፣ ሐጂ።»

«ማንን ነው የምታፍረው?»

«በስሟ የሚሰጥን ሰደቃ እንዴት ብዬ አቁሙ እላለሁ? በሕይወቷ ቆጥቋጣ ሲሏት ኖሩ። አሁን ባሏ ተነሥቶ ‹አትስጡላት› ቢል፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር አይሉም?»

«ይበሉ። የሰው ወሬ ያልፋል። አደራ ግን አያልፍም።» ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ነገ ቁርኣኑ ተቀርቶ አልቆ ይከተማል፤ ሁሉም ይሰበሰባል። እኔ በሩን እከፍትልሃለሁ። የምትገባው ግን አንተ ነህ።»

በማግስቱ በስሟ የተቀራው ቁርኣን ተከተመ፤ ዱዓው ተደረገ፤ ትሪዎቹ ተነሡ። ሴቶቹ ከሳሎኑ፣ ወንዶቹ ከበረንዳው ተጠጋግተው ሳሉ ሐጂ ኡበይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙሰዲቅ ስለ ገንዳው የሚነግራችሁ ነገር አለ» አሉ። «ስሙት፤ ማይሙና ያስተማረችው ነው።»

ሰዉ ወደ እሱ ዞረ። ሙሰዲቅ ሌሊቱን ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። አጭር ነበር፤ «ባለቤቴ ንፉግ አልነበረችም፤ ልክ የምታውቅ ሴት ነበረች» ብሎ ይጀምራል። እነዚህ ቃላት ዓመታትን ዘግይተው፣ በዚያ የዒድ ገበታ ላይ መነገር የነበረባቸው ቃላት ነበሩ። አፉን ከፈተ። እህቱ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ አዝላ እንዳሳደገችው ዘመን በፍቅር ዓይን ታየዋለች። ክፋት አልነበረባትም። ክፋት ቢኖርባት ኖሮ ይቀለው ነበር።

«ምነው፣ ሙሴ?» አለች በቁልምጫ። «አለቀ እንዴ ምግቡ?»

አንድ ሰው በለሆሳስ ሳቀ። የማይሙናን ስም ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሚዛን በሱ ምላስ ላይ የተንጠለጠለ መሰለው። ወደ ሐጂ ኡበይድ ሊያይ ፈለገና አላየም።

«አላለቀም» አለ ሙሰዲቅ። «ሌላ ቆርቆሮ አዝዣለሁ። ማንም ሰው... ማንም እንዳይሳቀቅ ልል ነው።»

«አላህ ይባርክህ!» አሉ ከየአቅጣጫው። እሱም ንግግሩ በተግባር ካልታየ ሐሰት እንዳይመስልበት ወደ ገንዳው ሄደ፤ ቆርቆሮውን ከፈተ፤ በሁለት ጣቱ ሳይሆን በሙሉ እፍኙ ዘግኖ፣ «በማይሙና ስም» አለና በተነ። እንግዶቹ ከኋላው ተሰለፉ። ሐጂ ኡበይድ ምርኩዛቸውን አንሥተው ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ ቤታቸው ወረዱ።

ጥጋብ ጊዜ አልሰጠም። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እንደ ሩዝ እጣቢ ነጥቶ ነበር። ዓሦቹ አየር አጥሯቸው አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ ደግነው እንደ ለማኝ ይከፍቱና ይዘጉ ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ በጎናቸው ተንሳፈፉ። የኮራሉ ሥጋ ከሥሩ ጀምሮ እንደ ራሰ ወረቀት ተልጦ፣ በፈትል በፈትል ይንጠባጠብ ጀመር። ሙሰዲቅ አመሻሽ ላይ እንደ ልማዱ ፓምፑን አጥፍቶ ጠበቀ። የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ አለቀ። አንድም አፍ አልተከፈተም።

ጠረኑ ቤቱን ሲሞላው ኻሊዳ አፍንጫዋን ይዛ መጣች። የተንሳፈፉትን ዓሦች ስታይ ግን እጇ ወረደ፤ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ።

«ተከተሏት» አለች። «ሱብሓነላህ። እንስሳ እንኳ እመቤቱን ያውቃል።»

ወሬው ጋቦዴን አልፎ ሠፈር ለሠፈር ተዛመተ፤ የማይሙና ዓሦች በሐዘን ሞቱ ተባለ። በሕይወቷ አንድም ደግ ቃል ያልተነገረላት ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግ ሆነች። ያላወቋት ሰዎች ስለ ርኅራኄዋ ተረኩ፤ የመድኃኒቱን ማንኪያ ያነሣ ሰው ጠፋ። ኻሊዳ ራሷ «ልቧ ለፍጥረት ሁሉ የሳሳ ነበር» ስትል ሙሰዲቅ በጆሮው ሰማ። መራራው ነገር ይህ ነበር፤ እውነቱን ቢናገር፣ ሞታ ያገኘችውን ስም በገዛ እጁ ሊነጥቃት ነው። እያንዳንዱ ዝምታ ለሚቀጥለው ዝምታ ምክንያት ይወልዳል። ዝም አይነቅዝም ያሉት አበው የሐዘን ቤት ገንዳ አላዩም።

የአማቱ መምጫ ሲቃረብ ታክሲ ተከራይቶ ሄሮን ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረደ፤ ከዚያም በጀሪካን ውሃ እየቀዳ አመላለሰ። የበሰበሰውን ደፋ፤ መስታወቱን ፋቀ፤ አለቱን አጠበ። ለጠረኑ ብዬ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ጀሪካኑን በሚሞላበት ጊዜ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ በውሃው ሥር፣ ማንም ቁንጥር የማይሰጣቸው ኮራሎች በሕይወት እንዳሉ ያውቅ ነበር። አንዱን በጠላቂ አስነቅሎ በሞተው ቦታ መትከል በሐሳቡ ሽው ብሎበት አልፏል። ለማታለል እንኳ ድፍረት ያስፈልጋል፤ እሱ ያንንም አላገኘም። ውሃው ሲጠራ፣ ሥጋ የለቀቀው የኮራል አጥንት ከገንዳው መካከል በራ፤ ለዱዓ እንደ ተዘረጉ ሁለት ነጫጭ መዳፎች።

ወይዘሮ ዓቢዳ በምርኩዝ ተደግፈው፣ በእያንዳንዱ የደረጃ ዕርከን ላይ እያረፉ ወጡ። ከሲታ፣ ቀና ያሉ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው የማይሙና ዓይን ነው። ለቅሶ ለመድረስ የተሰበሰበው ሰው ፍራሹን ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«የታል?» አሉ።

ሙሰዲቅ እየደገፈ አደረሳቸው። ኻሊዳም ከኋላ መጣች። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን በገንዳው ላይ አስደግፈው፣ ግንባራቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። ብዙ ቆዩ።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው» አለች ኻሊዳ፣ ሙሰዲቅ ከመናገሩ በፊት። «ዓሦቹ እንኳ በሐዘን አልቀዋል። እሱ ግን ይኸው አለ። በእጃችን አብልተን ያቆየነው ነው።»

«ሐምራዊ ነው ብላኝ ነበር። ጫፉ ብቻ ነጭ።»

«በሽታ ዓይን ያደክማል፣ እማማ» አለች ኻሊዳ በለሰለሰ ድምፅ። «መጨረሻ ላይ ቀለም ሳይምታታባት አልቀረም።»

ወይዘሮ ዓቢዳ ቀና ብለው አማቻቸውን አዩ። መልስ የሚጠብቁት ከእሱ ነበር። ሙሰዲቅ የማይሙናን ዓይን ከዚያ ፊት ላይ ሲያገኘው፣ የዒዱ ገበታ ትዝ አለው፤ ያን ጊዜም እንዲሁ ቀና ብላ ነበር ያየችው። መስታወቱ ላይ ያለች አንዲት ነጠብጣብ በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«ይሁን» አሉ አሮጊቷ። «ነጭም ያምራል። እኔም በእጄ ላብላው፣ ልጄ። ምን ነበር የምትሰጠው?»

ቆርቆሮውን ከፍቶ ያዘላቸው። ሊዘግኑ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ወይዘሮ ዓቢዳ ሁለት ጣታቸውን ብቻ አስገቡ፤ አንዲት ቁንጥር። ልጃቸው ልክን ከማን እንደ ተማረች ሙሰዲቅ ያን ጊዜ አየ። ፓምፑን አጠፋላቸው። ዱቄቱ በረጋው ውሃ ውስጥ እንደ ጭጋግ ወረደ። አሮጊቷ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። በስልክ ስትነግራቸው የኖረችውን ያውቁታል፤ አፎቹ ይከፈታሉ፣ እጆቹ ይዘረጋሉ። ጠበቁ። ከቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ሳል አፈነ።

«አልበላም፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እጄን አልወደደውም። ስትታመም ሳልደርስላት ቀርቼ ነው።»

ሙሰዲቅ አፉን ከፈተ። ከኋላው የእህቱ መቁጠሪያ ሲንቀጫቀጭ ቆይቶ ዝም አለ። እውነቱ «እኛ ገደልነው» የሚል ሁለት ቃል ነበር፤ ሁለቱም ምላሱ ላይ ነበሩ። አሮጊቷ ይጠብቃሉ፤ ሳሎኑ ሙሉ ሰው ይጠብቃል።

«ጠግቦ ነው፣ እናቴ» አለ።

«ጠግቦ?» የወይዘሮ ዓቢዳ ትከሻ ረገብ አለ። ዕንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። «አልሐምዱ ሊላህ። እንዲያስ ከሆነ ደግ አድርጋችኋል።»

ኻሊዳ «አሚን» አለች፤ መቁጠሪያዋም ጉዞውን ቀጠለ። ቁንጥሯ በነጫጮቹ መዳፎች ላይ ቀስ እያለች ዐረፈች። ሙሰዲቅ፣ ማይሙና እንዳስተማረችው፣ ጥቂት ጠበቀና ፓምፑን መልሶ አበራው።